እማዬ ለዶክተሩ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ስልኩ ሲዘጋ ሌላ ወሬ! ኦንላይን ህክምና ላይ ለምንድነው ማናወራው?

አሞራ ገደል ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ጎበዝ። ረዘም ያለ ነው ታገሱኝ።

እማዬ 63 አመቷ ነው፣ ግፊት አለባት፣ መድሀኒት ከጀመረች አራት አመት አልፏታል። ለክትትል መመላለሱ ሰለቻት፣ ወረፋው፣ ፀሀዩ፣ ካርድ ክፍሉ ያው ታውቁታላችሁ፣ እኔም በየጊዜው ከስራ እያስፈቀድኩ መውሰድ ስላልቻልኩ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በቪዲዮ ኮል የሚያይ ዶክተር አገኘላት። ብሩን በቴሌብር ከፈልኩ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን ቴርሞሱ ላይ አስደግፌ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩላት፣ እኔ ኔትወርኩ ቢቆራረጥ ብዬ ጎኗ ተቀመጥኩ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ልክ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብላ ቁጭ!

ዶክተሩ በጣም ጨዋ ልጅ ነው። «እማማ እንዴት ነዎት?» ይላታል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»። «መድሀኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?» «አዎ ልጄ»። «የሚያስቸግርዎት ነገር አለ? ማዞር፣ ራስ ምታት?» «ኧረ ምንም የለም ይመስገን»። «እርስዎስ የሚጠይቁኝ ነገር አለ?» «አይ፣ እድሜ ይስጥህ ልጄ፣ ወልደህ ሳም»። ዘጠኝ ደቂቃ። መረቀችውና ተዘጋ። ሰውየው ግፊቷ አንዴ 135 በ85 አንዴ 170 በ100 ለምን እንደሚሆን ግራ ገብቶት «ጨው ይቀንሱ» ብሎ ሄደ። ጨው! ሴትየዋ ጨው ትታ ስንት ጊዜዋ።

ከዛ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ ገባች። እኔ ጓዳ ነኝ። ምን ብሰማ ጥሩ ነው? እማዬ ያቺን ኪኒን ቅዳሜና እሁድ አትውጣትም! በወሩ በ19 ለገብርኤልም አትውጣትም። ምክንያቱ ደሞ ኪኒኗ ሽንት ሽንት ታሰኛታለች፣ ቅዳሴ መሀል እየተነሱ መውጣት አሳፍሯት ነው። ፆም ሲገባ ጭራሽ ወደ ማታ ታዞራትና ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ታድራለች። ማሸጊያውን ሳየው ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ይላል፣ ጎግል ሳደርግ በቃ ስራዋ ራሱ ሽንት ማሸናት ነው። ለዶክተሩ ብትነግረው ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ለአራት አመት ተደብቆ ኖረ።

ለምን አልነገርሽውም ስላት ምን አለችኝ፣ «አንተ አጠገቤ ተገትረህ ስለ ሽንቴ ላውራ?»

እናንተስ? ኦንላይን ሲሆን በነፃነት ታወራላችሁ ወይስ ጭራሽ አፋችሁ ይተሳሰራል?

ባለባጃጁ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡58)

ወልደህ ሳም ሃሃሃሃሃ ገደለችኝ እናትህ

ብሮ ግን እውነቷን ነው። እኔ ኪንታሮት ይዞኝ ሁለት አመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ስራዬ ደሞ እንደምታየው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። በኋላ ሲብስብኝ በስልክ ሀኪም ማናገር ይቻላል አሉኝ እሺ ልደውል፣ የት ሆኜ? ቤት ልጆች አሉ፣ ተራ ላይ ደሞ ሾፌሮቹ እንኳን ኪንታሮት ሰምተው እንዲሁም አይለቁኝም። ባጃጇን ወደ ፍቅር ሐይቅ ነዳሁና አንድ ጥግ አቁሜ መጋረጃዋን ጥዬ በሹክሹክታ ጀመርኩ። ዶክተሯ «ጋሼ አይሰማም፣ ጮክ ብለው ያውሩ» አትለኝም? «መቀመጫዬ ላይ» ብዬ ስጮህ ሁለት ፍቅረኞች ዘወር ብለው አዩኝ። ዘጋሁት።

መጨረሻ ላይ በፅሁፍ ነው የጨረስኩት። ሞቅ ያለ ውሀ ላይ መቀመጥ፣ ውሀ በደንብ መጠጣት፣ ጎመን ምናምን ማብዛት፣ ደም ካየህ ግን ቀጥታ ሄደህ ታይ አለችኝ። ይኸው ነው፣ ሁለት አመት የተሰቃየሁት ለዚህ።

ሲስተር ከአቶቴ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15)

ወንድሜ ጥፋቱ የእናትህ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ የዶክተሩም አይደለም፣ አንተ አጠገቧ መቀመጥህ ነው። አትቀየመኝ፣ እኔም ለእናቴ ያደረኩት ይሄንኑ ነው።

ነርስ ነኝ፣ ከአስር አመት በላይ ሰርቻለሁ። እኛ ሀገር «ይመስገን» መልስ አይደለም ሰላምታ ነው። ሀኪሙ ሦስት ጊዜ ይመስገን ከሰማ በኋላ ነው ስራ መጀመር ያለበት። ደሞ «በየቀኑ ይወስዳሉ?» ብለህ ትልቅ ሰው ስትጠይቅ እኮ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ሰጥተኸዋል፣ አይ ብትል ጥፋተኛ ልትሆን ነው። እኔ «እማማ መቼም ኪኒን ይረሳል፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» ነው የምለው። ያኔ ሳቅ ይሉና «እንግዲህ ልጄ...» ብለው ይጀምራሉ፣ ከዛ በኋላ ማቆም ነው ሚያቅተው።

እና ደሞ ያንን ኪኒን የምትዘለው እናትህ ብቻ እንዳትመስልህ። ገበያ ውለው የሚሸጡ እናቶች፣ ረጅም መንገድ የሚሄዱ፣ ሹፌሮች፣ ስንቱ! ከተማ ውስጥ ሽንት ቤት የት አለና። አዳራሽ ውስጥ ሰርግ ቀን የሚዘልም አለ። ይሄ ለሀኪሙ ከተነገረ ሰዓት ማስተካከልም መድሀኒት መቀየርም አለ፣ ግን በራሷ እየዘለለች ስትቀጥል እሱ ኪኒኑ አልሰራም ብሎ ሊጨምርባት ይችላል፣ አደጋው እሱ ነው።

ጋሽ ሞኖፖል (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31)

እኔ በዚህ ነገር አላምንም ልጆች። ሀኪም ማለት እጁን ሆድህ ላይ አሳርፎ እዚህጋ ያምሃል? እዚህጋስ? የሚል ነው። ልጄ አስገድዳኝ 300 ብር ተከፍሎ አንዱን አናገርኩት፣ ጎኔን ሦስት ወር እንዳመመኝ ማስረዳት ስጀምር ገና ሁለት አረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ላብራቶሪ ይሂዱና ውጤቱን ፎቶ አንስተው ይላኩ» ብሎ እርፍ። ላብራቶሪ መሄዱንማ እኔም አላጣሁት! ደግሞ አይኑ ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ታች ሌላ ነገር እያየ። ቻት እያደረገ ይሁን የኔን እየፃፈ በምን አውቃለሁ። ሰው አይኑን ካላየህ ምን ብለህ ሆድህን ትሰጠዋለህ።

ሲስተር ከአቶቴ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡36)

ጋሼ የእርስዎ ጎን እጅ የሚፈልግ ጎን ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርዎትም፣ ሦስት ወር ከሆነ ሄደው ይታዩ። በስልክ መታየት የሌለበት ነገር ብዙ ነው፣ ደረት ላይ የሚጫን ህመም፣ ድንገት አንድ ጎን መዛል ወይ አፍ መጣመም፣ ነፍሰጡር ሆኖ ደም ማየት ወይ ከባድ ራስ ምታትና የአይን ብዥታ፣ እነዚህ ላይ ስልክ አውጥቶ «ሰላም ዶክተር» ማለት የለም፣ ባጃጅ ይዞ መሮጥ ነው።

ባለባጃጁ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡38)

ባጃጅ ስትሉ ተጠራሁ

ዝምተኛዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50)

እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው ምወጣው ዛሬ ግን ልፃፍ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምሰራው። ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ጀምሮ የኛ ሰው ኑሮ ያው ነው። ከፈረቃ ስገባ አንዷ ተኝታለች አንዷ እያበሰለች ነው፣ ስልክ ማውራት ሚባል ነገር የለም። እና የሴት ነገር አመመኝ፣ ፈሳሽና ማሳከክ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ መስኮቱጋ ያለችው «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ስትል ከኋላዬ ሰልፍ ነው፣ ጉንፋን ብዬ የጉንፋን መድሀኒት ይዤ ወጣሁ። አትሳቁ።

ከዛ ሀኪሞች ጥያቄ የሚመልሱበት አንድ የቴሌግራም ቻናል አገኘሁ። ማታ ብርድልብስ ውስጥ ገብቼ የስልኩን መብራት ቀንሼ ሁሉንም ፃፍኩት። ሁሉንም ስላችሁ ለእናቴም ለጓደኛዬም ያላልኩትን። ከመቼ ጀምሮ፣ ምን አይነት፣ ከማን ጋር፣ ምን ገዝቼ እንደተጠቀምኩ። ጣቴ ከአፌ ይደፍራል ለካ። ስፅፍ ማንም አላቋረጠኝም፣ አጥፍቼ ደግሜ ፃፍኩ፣ «ላክ» ሚለውን ስነካ ትኩሳቴ የወረደ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቻናሉ ላይ ወጣ። ስም የለውም። ግን «የ22 አመት ሴት ነኝ፣ ሀዋሳ ፓርክ ነው ምሰራው፣ ከሦስት ልጆች ጋር ተከራይቼ ነው ምኖረው» ብዬ የጀመርኩት እንዳለ ነበር። አብራኝ ምትኖረው ልጅ ጮክ ብላ አነበበችው፣ «ጉድ በሉ የኛ ሰፈር ልጅ ናት!» ብላ። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። አብሬያቸው ሳቅኩ።

አሁንም ኦንላይን ነው ምጠይቀው ምን ምርጫ አለኝ፣ ግን አዳማ ነኝ እላለሁ፣ እድሜዬን 30 እላለሁ፣ ባለትዳር ነኝ እላለሁ። ትክክለኛ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ።

አሞራ ገደል ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡58)

እህቴ በጣም ያሳዝናል። ጎመኑን እየከተፍሽ ያልሽው ልቤን ነካው። ቻናሉን ደውለሽ አላስጠፋሽውም?

ዝምተኛዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡04)

ፃፍኩላቸው። አይተውት ዝም አሉ። ሁለት ሰማያዊ ምልክት።

ውልና ማስረጃ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20)

ከህግ አንፃር ትንሽ ልበል። ይሄ «ስም አልጠቀስንም» የሚሉት ነገር ማምለጫ አይሆንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደግሞ በልዩ ሁኔታ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው። ስም ባይኖርም ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያስለይ ከሆነ ያው ነው፣ እድሜ፣ ከተማ፣ የስራ ቦታ፣ ስንት ሆነው እንደሚኖሩ ከደረደርክ ምን ቀረ? ፎቶዋ ብቻ። የሀኪምን ሚስጥር መጠበቅ ደሞ አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም የነበረ ግዴታ ነው፣ ቴሌግራም ስለሆነ አይቀርም። እህቴ የላክሽውንም የወጣውንም ስክሪንሾት አድርገሽ አስቀምጪ።

ነጭ ጋዋን (ረቡዕ፣ ማታ 1፡45)

ከስክሪኑ ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ሀኪም ነኝ፣ ቀን ሆስፒታል ማታ ኦንላይን እሰራለሁ። ትላንት አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ በተለይ የዝምተኛዋ።

መጀመሪያ ለጋሽ ሞኖፖል። ጋሼ ሁለት አረፍተ ነገር ሳልጨርስ ያሉት የኦንላይን በሽታ ብቻ አይደለም። በ1984 (በፈረንጅ) ቤክማንና ፍራንክል የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሜሪካ ውስጥ 74 የሀኪምና የታካሚ ውይይት በቴፕ ቀድተው ሰምተው ነበር፣ ሀኪሙ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጣል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው ይሄ! እኔም አቋርጣለሁ፣ ከኋላ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ እያየሁ እንዴት አላቋርጥ። ፅሁፍ ላይ ግን ላቋርጥ ብል አልችልም፣ ሰውየው ጨርሶ ነው ሚልከው። ዝምተኛዋ ማንም አላቋረጠኝም ያለችው ለዛ ነው። አይኔ ወደታች የሆነው ደሞ እውነትም ካርዱን እየሞላሁ ሊሆን ይችላል፣ ግን «አሁን የነገሩኝን እየፃፍኩ ነው» ማለት አለብኝ፣ ስንቶቻችን እንላለን።

ሁለተኛ ነገር፣ ሰዓቱ። ቀን የሚፃፍልኝና ከማታ 4 ሰዓት በኋላ የሚፃፍልኝ የተለያየ ሰው የፃፈው ነው ሚመስለው። ቀን «ራሴን ያመኛል ምን ልውሰድ»፣ ማታ ደሞ ገፅ ሙሉ። ደግሞ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ሁሌ ከ«አመሰግናለሁ ዶክተር» በኋላ ነው። አመሰግናለሁ ይላል፣ ሦስት ደቂቃ ዝም፣ ከዛ «እየፃፈ ነው» ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይላል፣ ይቆማል፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ግን አትታዘበኝ»። እዛጋ ነው ህክምናው ሚጀምረው። ስልኩን ዘግቼ የተኛሁባቸው ማታዎች ይቆጩኛል።

ዝምተኛዋ እህቴ፣ ስምሽን ቀይሪ፣ ከተማሽን ቀይሪ፣ አዳማ በይ ጅማ በይ ምንም አይጎዳም። እድሜሽን ግን አትቀይሪ። የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀን፣ እርግዝና ሊኖር ይችል እንደሆነ፣ የምትወስጂውን መድሀኒት፣ እነዚህን እንዳትቀይሪ፣ መልሱ በነዚህ ላይ ነው የሚቆመው። አንድ ምሳሌ ብቻ፣ ኢናላፕሪል የሚባል በየፋርማሲው ያለ የግፊት መድሀኒት አለ፣ ለነፍሰጡር አይሰጥም፣ አርግዤ ይሆናል ያላለችኝ ሴት ላይ እኔ በምን አውቃለሁ? ቀኑንም በኛ ይሁን በፈረንጅ ለይተሽ ፃፊ። አንዷ «ጃንዋሪ 5» ብላ ፃፈችልኝ፣ ቆጠርኩ ቆጠርኩ አልገጥም አለኝ፣ ለካ ጥር 5 ለማለት ነው፣ ስምንት ቀን ልዩነት!

ለባለ ክሩ (ወሬውን ለጀመርከው)፣ የእማማን መድሀኒት እኔ እዚህ አልቀይርም፣ የሚያያቸው ሀኪም አለ። ግን ቤት ውስጥ ግፊት ስትለኩ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ይሁን፣ ሲለኩ አያውሩ።

አሞራ ገደል ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡59)

ዶክተርዬ ገድለኸኛል፣ እኛ እኮ ምንለካው ቡና ላይ ነው! አቦል ከተጠጣ በኋላ፣ ጎረቤትም ተራ በተራ ይለካል፣ የማን በለጠ እየተባለ

ሦስተኛ ዲግሪ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡30)

እዚሁ ከተማ ኮሚዩኒኬሽን ነው የምማረው ይሄ ክር በጣም ነው የተመቸኝ። ማክሮስኪ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1980ዎቹ «ለመናገር ፈቃደኛ መሆን» የሚለውን እንደ ሰው ባህሪ አድርጎ ነበር ያነሳው፣ ማለት አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ይናገራል አንዳንዱ ዝም ይላል። በኋላ በ1998 እነ ማኪንታየር ነገሩን ወደ ሁለተኛ ቋንቋ ወሰዱትና የለም ይሄ ነገር እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል አሉ፣ ከማን ጋር ነው፣ በምን ቋንቋ ነው፣ ያን ሰዓት በራስህ ትተማመናለህ ወይ። እማማን እዩዋቸው፣ ለጎረቤት ፏ አድርገው አወሩ፣ ለዶክተሩ ዝም። ሴትየዋ ዝምተኛ አይደሉም። ስለዚህ ታካሚው ለምን አይናገርም ብሎ ባህሪውን ከመመርመር ክፍሉ ውስጥ ማን አለ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ባለባጃጁ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡33)

አቦ ቲሲሱን ለአማካሪህ ላክለት

(ግን ልክ ነህ)

የዳሌ ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡10)

ቋንቋ ከተነሳ የኔን ልናገር። አያቴ ከሲዳሙ አፎ ሌላ አትችልም። ሆዷን ሲያማት ከገጠር አምጥተናት እዚህ ቤት ሆና በቪዲዮ ሀኪም እንድታናግር አደረግን፣ ሀኪሙ አማርኛ፣ እኔ አስተርጓሚ። በመሀል አንድ ነገር አለች፣ ቀስ ብላ፣ እኔን ሳታይ። ሰገራዋ ላይ ደም እንደምታይ ነው የነገረችኝ። እመኑኝ ወይም አትመኑኝ ለዶክተሩ «ሆድ ድርቀት አላት» ብዬ ተረጎምኩት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አፍሬ ነው መሰለኝ፣ አያቴን እንደዛ አድርጌ ለማላውቀው ሰው ማቅረብ አስጠላኝ። እሷ ተናግራለች እኮ! ዋጋ ከፍላ ተናግራለች፣ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።

ሁለት ቀን ቆይቼ ህሊናዬ እምቢ ሲለኝ ሲዳሙ አፎ የምትችል ሀኪም አፈላልጌ ራሷን ወስጄ አገናኘኋት። እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። አያቴ ስትወጣ «ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ምርመራ ተደርጎላት አሁን ህክምና ላይ ናት፣ ዝርዝሩን ተዉት የሷ ነው።

ሲስተር ከአቶቴ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡17)

ወንድሜ እንኳን ተናገርክ። ልጆችና የልጅ ልጆች ሲያስተረጉሙ ሁሌ እሚጎድል ነገር አለ፣ ለዛ ነው ከቻልን ከቤተሰብ ውጪ ሰው የምንፈልገው። ከተማችን ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ የሚችሉ ነርሶች ሞልተዋል፣ ኦንላይኑ ላይ ግን የቋንቋ ምርጫ ስታይ ሁለት ብቻ።

ከዉሀን የተመለሰ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡05)

ቻይና ስማር እነሱ ይሄን ነገር ከጀመሩት ቆይተዋል፣ ሃኦዳይፉ የሚባለው ድረገፅ ከ2006 ጀምሮ አለ (በነሱ አቆጣጠር)፣ ትርጉሙ ጥሩ ዶክተር ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር ገና ዶክተሩን ሳታገኝ መሙያው ራሱ ይጠይቅሃል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ወሰድክ፣ ምን እንዲረዳህ ትፈልጋለህ፣ የሚያፍር ሰው ለወረቀት ይመልሳል። ዶክተሮቹን ደሞ ከነማዕረጋቸው ታያለህ፣ ሌላ ታካሚ ምን እንዳለ ታነባለህ፣ መርጠህ ነው ምትገባው፣ መርጠህ የገባህበት ሰው ጋ ትንሽ ትደፍራለህ።

ግን እኔ ራሴ ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ ቻይንኛዬ ስለማይበቃ በክፍል ጓደኛዬ ስልክ፣ እሱ እየፃፈልኝ ነው የተጠቀምኩት። ያመመኝ እንቅልፍ ማጣትና ሌሊት ልቤ እየመታ መንቃት፣ ከቤተሰብ መራቁ ነው፣ በር ተዘግቶብን የከረምንበት ጊዜ ነው። «ምን ልበልለት?» ሲለኝ «ራስ ምታት በለው» አልኩት። ራስ ምታት መድሀኒት ታዘዘልኝ ዋጥኩ። ስለዚህ ሲስተሙ የፈለገ ቢራቀቅ ስልኩ የማን ነው ነው ጥያቄው።

ፀሀይ መጥለቂያ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡12)

ሁላችሁም ቢያንስ ዶክተሩን አግኝታችኋል። እኔ ቀጠሮ 8፡00 ይላል አፑ፣ እሺ ብዬ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ልጄን አስተኝቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የምጠይቀውን በወረቀት ፅፌ ጠበቅኩ። ለካ 8፡00 ማለት በፈረንጅ ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት! ያኔ እኔ ልጄን ትምህርት ቤት እያደረስኩ ነበር። «ታካሚዋ አልተገኘችም» ተብሎ ብሬ በላ። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ አለ። ባለቤቴ አንብቦት «እንደዚህ ያምሻል እንዴ?» አለኝ፣ ከዛ በኋላ እንዳውም ከሱ ጋር ጥሩ አወራን፣ ያው እሱም አንድ ነገር ነው።

ጋሽ ሞኖፖል (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡40)

ሃሃ ልጄ ሀኪሙ ባልሽ ሆኖ ወጣ።

ሲስተር ትላንት ሄጄ ታየሁ። የሀሞት ጠጠር ነው አሉኝ፣ አልትራሳውንድ ላይ ይታያል። ሀኪሙ እጁን አሳረፈ፣ ትንፋሽ ሳብ ሲለኝ ጎኔ ጮኸ። ኦንላይን ያለውን ልጅ ግን ላብራቶሪ ሂድ በማለቱ በሙሉ አልኮንነውም፣ አነጋገሩ ነው።

ሲስተር ከአቶቴ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡52)

ጋሼ ተመስገን! ቅቤና ጮማውን ቀነስ ያድርጉ እንግዲህ፣ ትኩሳት ወይ የአይን ቢጫ መሆን ከመጣ እንዳይቆዩ። ባለ ክሩ አንተስ የት ደረስክ? ለዶክተሩ አንተ ራስህ እንዳትፅፍለት ብቻ፣ የሷ ሚስጥር ነው፣ አስፈቅዳት።

አሞራ ገደል ልጅ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡20)

ይኸው ሪፖርት።

ሲስተር እንዳልሽው አስፈቀድኳት። «እማዬ ስለ ኪኒኗ ለዶክተሩ በፅሁፍ ልላክለት?» አልኳት። ጣሳውን አስቀምጣ አየችኝ፣ «እኔ አፍ የለኝም?» አለች። እሺ ብዬ ስልኩን እንዴት እንደምታነሳ፣ ቀዩን እንዳትነካ፣ ድምፅ ከጠፋ የቱን እንደምትጫን ሁለት ቀን ሙሉ አስጠናኋት፣ ከወንድሜ ጋር እየደወለች ተለማመደች፣ መጀመሪያ ቀን ጣራውን ነበር ምታሳየው።

ቀጠሮው ዛሬ 9 ሰዓት ተኩል ነበር (ፀሀይ መጥለቂያ በፈረንጅ ይሁን በኛ ደውዬ አጣርቻለሁ)። አስር ደቂቃ ሲቀረው እማዬ «ዘይት አልቋል፣ ሱቅ ሂድ» አለችኝ። ጓዳ ገብቼ አየሁ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ገና ትላንት የተከፈተ። ምንም አላልኩም ሄድኩ።

አሁን ዘይቱን ይዤ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው ምፅፍላችሁ። የመኝታ ቤቷ በር ተዘግቷል። የተከፈለው ለ15 ደቂቃ ነው፣ አሁን ሃምሳ ሞልቷል። ምን እንደምታወራ አይሰማኝም፣ ብቻ አንዴ ስትስቅ ሰማኋት።

ሲስተር ከአቶቴ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡23)

እንዳታንኳኳ

ባለባጃጁ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡24)

ሂድ ሌላ ዘይት ግዛ